ማኅተም ያለው በግ

ከከተማ ወጣ ባለ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ፣ ረፋድ ላይ፣ የኮምፒውተር ክፍል፤ ፍየል አርቢዋ እትዬ ደብሪቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው ቆመዋል፣ ወጣቱ ባለሙያ ናሁሠናይ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል፣ በመስኮቱ በኩል ከጥበቃው ቤት አጠገብ የታሰረ ቀንዳም ወጠጤ ይታያል።

ደብሪቱ፦ ላቱ የታለ? እሱን ብቻ አሳየኝና አርፌ ልሂድልህ።

ናሁሠናይ፦ እትዬ ደብሪቱ፣ እኔ መቼ ላት አለው አልኩ?

ደብሪቱ፦ ይኸው በማኅተም! «ሻምበል ከተባለው እንስሳ የተወሰደው ናሙና ከበግ ጋር በከፍተኛ ደረጃ የተዛመደ ሆኖ ተገኝቷል።» በግ ከሆነ ላት ይኑረዋ! ና፣ ና በመስኮቱ እየው። ያ ከኋላው ሽቅብ የቆመው ምንድን ነው?

ናሁሠናይ፦ ጭራ ነው።

ደብሪቱ፦ አገጩ ላይስ?

ናሁሠናይ፦ ጢም።

ደብሪቱ፦ የጥበቃው ወንበር ላይ ወጥቶ የጣሪያውን ክዳን የሚልሰውስ ማን ነው?

ናሁሠናይ፦ እሱው ነው። ፍየል ነው፣ እትዬ። እኔን ከጠየቁኝ ከቀንዱ እስከ ሰኮናው ፍየል ነው።

ደብሪቱ፦ እንግዲያው ጻፍልኛ!

ናሁሠናይ፦ በመስኮት ባየሁት አልጽፍም። ይህ መሥሪያ ቤት የሚጽፈው ማሽኑ ያለውን ነው።

ደብሪቱ፦ ማሽኑ መስኮት የለውም?

ናሁሠናይ፦ የለውም።

ደብሪቱ፦ ያስታውቃል። አንተ እዚህ ተቀምጠህ በአንዲት ወረቀት ምን እንዳደረግኸኝ ታውቃለህ? ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ተዋበች፣ ያቺ ከታች ያለችው ጎረቤቴ፣ ከሻምበል የተወለደውን ግልገል ታቅፋ መጣች። «ፍየሌን ያመጣሁት ለፍየል ነበር፤ ይህን ጠቦትሽን ውሰጂልኝ» አለችኝ። ግልገሉ እኮ እቅፏ ውስጥ ሆኖ ሻሿን እየበላ ነው! የሰፈሩ ልጆች በሄድኩበት ሁሉ «ባአአ» ይሉኛል። ዛሬ ደግሞ ጥበቃችሁ አያ ሙሄ፣ ሻምበልን ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ሰው፣ በሩ ላይ አቁሞ ደብዳቤውን አነበበና «በግ፣ አንድ» ብሎ መዝግቦ አስገባው።

ናሁሠናይ፦ አያ ሙሄም?

ደብሪቱ፦ «አንተ ሰው፣ ዓይን የለህም ወይ?» ብለው «ዓይን አለኝ፤ ማኅተም ግን የለኝም» አለኝ።

ናሁሠናይ፦ ይቅርታ፣ እትዬ። ከልቤ ነው። ጥቂት ቀን ቢታገሡኝ ግን...

ደብሪቱ፦ ጥቂት ቀን? ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም እንዴ ኮሚቴያችሁ የቀበሌውን አውራ ፍየል የሚመርጠው? አንዱ ይመረጣል፣ የቀረው ወጠጤ ሁሉ ይኮላሻል። ጉጠቱን ትናንት አይቼዋለሁ። የእንስሳት ጤናው ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዘይት ይቀባዋል፣ እየከፈተ ይዘጋዋል፣ ይከፍተዋል ይዘጋዋል። ቀጨጭ! ቀጨጭ! ሌሊቱን ሙሉ በጆሮዬ ሲጮህ አደረ።

ናሁሠናይ፦ የሚኮላሹት እኮ ያልተመረጡት ፍየሎች ናቸው። ሻምበል በወረቀት በግ ከሆነ ቢያንስ ከጉጠቱ...

ደብሪቱ፦ እሱንም ጠይቄያለሁ! «ለውድድሩ በግ ስለሆነ አይቀርብም፤ ቤቱ ግን የፍየል በረት ስለሆነ መኮላሸቱ አይቀርለትም» አሉኝ። ለሹመት በግ፣ ለጉጠት ፍየል! ይህን ፍርድ ማን ነው ያስተማራቸው?

ናሁሠናይ፦ እንዲህማ ማለት የለባቸውም።

ደብሪቱ፦ ብለዋል። ስማኝ ልጄ፤ ያ ዘር ከአባቴ በረት ይዤው የወጣሁት ነው። ስዳር አንዲት እናት ፍየል ሰጡኝ፣ ከሷ ይኸው እዚህ ደረሰ። ባለፈው በሽታ ሲገባ ወንዶቹን ሁሉ ጨርሶ ሻምበልን ብቻ ነው የተወልኝ። ዛሬ ያ ጉጠት ከነካው የአባቴ በረት ተዘጋ ማለት ነው። ተወዳዳሪዬ ጓንጉል ደግሞ ያን ዝናብ ባካፋ ቁጥር ከዶሮ ጋር ማጀት የሚገባ ወጠጤውን ይዞ ይሾምልሃል። የቀበሌው ግልገል ሁሉ ደመና ባየ ቁጥር ሲያለቅስ ይታይህ!

ናሁሠናይ፦ ይቀመጡ እስቲ፣ እትዬ። ቆመው አይሆንም።

ደብሪቱ፦ አልቀመጥም። እንዴት ብሎ ነው ፍየል እዚህ ገብቶ በግ ሆኖ የሚወጣው? እሱን አስረዳኝ።

ናሁሠናይ፦ እሺ። ከሻምበል ደም የምናገኘው ሙሉ ጽሑፍ አይደለም፤ ብጥስጣሽ ነው። ያ የያዙት ደብዳቤ ተበጣጥሶ፣ ተበጣጥሶ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ጥቂት ፊደላት ብቻ ቀሩ ይበሉ።

ደብሪቱ፦ ብበጣጥሰው ደስ ባለኝ!

ናሁሠናይ፦ አይቅደዱት፤ ምሳሌ ነው። የቱ ቁራጭ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያልተቀደደ ሙሉ ቅጂ ያስፈልጋል። ማጣቀሻ እንለዋለን። ቅጂው ግን እጅግ ግዙፍ ነው፤ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ከዳር እስከ ዳር ቢያነቡት ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ አስቀድመን ማውጫ እንሠራለታለን፣ ምን የት እንዳለ የሚጠቁም።

ደብሪቱ፦ እየቀለለ መጣ መሰለኝ ስል ደግሞ ከበደ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነው፤ ፊደልህን ተውና ሌላ ምሳሌ አምጣ።

ናሁሠናይ፦ የቅዳሜን ገበያ ያስቡ። በርበሬ ፈልገው ሲሄዱ ከጨው ተራ ጀምረው፣ ጌሾ ተራን አዳርሰው፣ ሸማ ተራን ጠይቀው ነው የሚደርሱት?

ደብሪቱ፦ ምን በወጣኝ! ቀጥታ በርበሬ ተራ ነዋ።

ናሁሠናይ፦ ማውጫ ማለት እሱ ነው። ተራውን ማወቅ።

ደብሪቱ፦ እንዲህ አትለኝም ታዲያ! እና ሻምበልን የት ተራ ወሰዳችሁት?

ናሁሠናይ፦ እ... በግ ተራ።

ደብሪቱ፦ የት?

ናሁሠናይ፦ እዚህ ማሽን ላይ የተሠራው ማውጫ የበግ ብቻ ነው።

ደብሪቱ፦ ፍየሌን በግ ተራ ወስዳችሁ «ቦታህ የቱ ነው?» አላችሁት?

ናሁሠናይ፦ እያንዳንዷን ቁራጭ... አዎ። በግና ፍየል ደግሞ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አብዛኛዋ ቁራጭ የምትጠጋበት አላጣችም።

ደብሪቱ፦ እንግዳ ነው ብለው በጎቹ ጠጋ ጠጋ አሉለት፤ እሱም ጨዋ ነው፣ ተቀመጠ። እናንተ ደግሞ ተቀምጦ አይታችሁ «በግ ነው» አላችሁ!

ናሁሠናይ፦ እኔ አላልኩም። ከግርጌው ማስታወሻ ጽፌ ነበር፤ «ማጣቀሻው የበግ ስለሆነ ይህ ውጤት የእንስሳውን ማንነት አይገልጽም» ብዬ።

ደብሪቱ፦ የታለ? እኔ እዚህ ላይ አላየሁም።

ናሁሠናይ፦ ለማኅተሙ ቦታ ጠበበ ተብሎ ተቆረጠ።

ደብሪቱ፦ ወይ ጉድ! እውነቱን አስነሥተው ማኅተሙን አስቀመጡት። ቆይ ግን፣ የፍየል አውራ ልትመርጡ የፍየል ደም ስትቀዱ፣ የፍየሉን ማውጫ ምን በላው?

ናሁሠናይ፦ እሱ ረጅም ታሪክ ነው።

ደብሪቱ፦ አሳጥረው። ጉጠቱ እየመጣ ነው።

ናሁሠናይ፦ በመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት ላይ «በግና ፍየል» አንድ ረድፍ ነው። በግና ፍየል ይህን ያህል ተከተበ፣ በግና ፍየል ይህን ያህል ሞተ፤ ለየብቻ ጽፎ የሚያውቅ የለም። ሁለት ማጣቀሻ፣ ሁለት ማውጫ ያስፈልገናል ብዬ ስጠይቅ ኃላፊያችን ዶክተር ልሳነወርቅ ሪፖርቱን አወጡና «ረድፉ አንድ ከሆነ ማጣቀሻውም አንድ ይበቃል» ብለው ፈረሙ። በጉ በፊደል ተራ ስለሚቀድም በጉ ተፈቀደ።

ደብሪቱ፦ ሕዝብና ቤትም እኮ አብሮ ነው የሚቆጠረው! እኔን ግን እስከ ዛሬ «ጎጆ ነሽ» ያለኝ የለም።

ናሁሠናይ፦ ልክ ነዎት።

ደብሪቱ፦ ልክ ነዎት እያልክ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ? ማሽንህ ፍየል አይቶ አያውቅም፤ በቃ፣ አሳየው! ይኸው ደጅ ቆሟል፤ ላስገባው?

ናሁሠናይ፦ አይ አይ፣ አያስገቡት! ገመድ የበዛበት ክፍል ነው። የሚያስፈልገው ሻምበል ራሱ አይደለም፤ የፍየል ማጣቀሻ ነው። እሱን ደግሞ በራሴ ጊዜ፣ ኔትወርኩ ሲሻለው እየጠበቅሁ፣ እየቆራረጥኩ አምጥቼዋለሁ። ከነሙሉነቱ እዚህ አለ።

ደብሪቱ፦ እዚህ አለ?

ናሁሠናይ፦ አለ። ማውጫ ነው ያልተሠራለት።

ደብሪቱ፦ እና ምን ቸገረህ? ሥራለታ!

ናሁሠናይ፦ ቦታ የለም። ማውጫ ከመጽሐፉ፣ ማለቴ ከማጣቀሻው፣ ይገዝፋል፤ ዲስኩ ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ደብሪቱ፦ በምን ሞላ?

ናሁሠናይ፦ በበጉ ማውጫና... በሠርግ።

ደብሪቱ፦ በምን አልከኝ?

ናሁሠናይ፦ የዶክተር ልሳነወርቅ ልጅ የሕሊና ሠርግ። ቪዲዮው። በአራት ካሜራ ነው የተቀረጸው፤ አንዱ በሰማይ የሚበር። ሳይቆራረጥ፣ ከሽማግሌ መላክ ጀምሮ እንዳለ ነው እዚህ የተቀመጠው።

ደብሪቱ፦ የሕሊና ሠርግ! ሙክቶቹን ያቀረብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? የሻምበል ታላላቆች ናቸው። ሰው ሁሉ ቅልጥማቸውን ሲግጥ አንድ ነፍስ «በግ ነው» አላለም!

ናሁሠናይ፦ ቪዲዮው ላይ አሉ። ተሰልፈው ሲገቡ በሁለት ካሜራ ተነሥተዋል።

ደብሪቱ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ሰርዘው።

ናሁሠናይ፦ ሠርጉን? አልሰርዝም።

ደብሪቱ፦ ሁሉንም ማን አለህ? ሠርጉን ተውላቸው፤ መልሱን ሰርዝ።

ናሁሠናይ፦ እትዬ...

ደብሪቱ፦ መልስ ምን አለው? ትናንት የጠገበ ሰው ዛሬ ደግሞ ሲበላ ነው። ወይም ያን በሰማይ የበረረውን ሰርዝ። ከላይ ሲያዩት ሰው ሁሉ አናት ነው፤ ማን የማንን አናት ይለያል?

ናሁሠናይ፦ አደራ ነው፣ እትዬ። ዶክተሩ በእጄ ነው የሰጡኝ፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ማሽኑን የማያውቅ ሰው አምኖ ያስቀመጠውን ማሽኑን ስለማውቅ ብቻ ላጥፋው? እርስዎ ሻምበልን አደራ ብለውኝ ቢሄዱ፣ ቦታ ጠበበኝ ብዬ ባርደው ምን ይሉኛል?

ደብሪቱ፦ እሱማ... አደራ በላ ነው የምልህ።

ናሁሠናይ፦ እንግዲህ።

ደብሪቱ፦ እንግዲህ አትበለኝ። ለሕሊና ሠርግ ሌላ ቅጂ የለም አልክ። የሻምበል ሠርግስ? ዛሬ ስድስት ሰዓት የሚሰረዘው የእሱ ሠርግ ሌላ ቅጂ አለው? በል ንገረኝ፣ አለው?

ናሁሠናይ፦ የለውም።

ደብሪቱ፦ ያቺ እኮ አግብታለች። ቪዲዮው ቢጠፋ ባሏ አይጠፋም። የሻምበል ሲጠፋ ግን...

ናሁሠናይ፦ ቆይ፣ እትዬ፣ አንድ ጊዜ ዝም ይበሉልኝ። ሌላ ነገር አለ። የበጉን ማውጫ ላነሣው እችላለሁ።

ደብሪቱ፦ የበጉን? እሱስ የማን አደራ ነው?

ናሁሠናይ፦ የማንም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። መጽሐፉ እስካለ ድረስ ማውጫው ቢጠፋ እንደገና ይሠራል። ገበያው ሲበተን ተራው ይጠፋል፤ ቅዳሜ ሲመጣ በርበሬዋ ተመልሳ በርበሬ ተራ ትቀመጣለች። ለሁለቱ ማውጫዎች ባንድ ላይ ቦታ ስለማይበቃ ግን ዛሬ ማሽኑ ፍየል ካወቀ በግ አያውቅም።

ደብሪቱ፦ ለዘላለም በግ ሲያውቅ ኖሮ የለ? አንድ ቀን ይረፍ።

ናሁሠናይ፦ ችግሩ ነገ ነው። ነገ ጠዋት የዶክተሩ የራሳቸው አውራ በግ ደም ይመጣል።

ደብሪቱ፦ አባ መብረቅ? ያ ለኤግዚቢሽን ተብሎ በሻምፖ የሚታጠበው?

ናሁሠናይ፦ እሱ። ከነውጤቱ ነው አዲስ አበባ የሚሄደው። እስከ ነገ ድረስ እንደምንም ብዬ መመለስ ይኖርብኛል።

ደብሪቱ፦ ለነገ ነገ ያስብበታል። አንሣው።

ናሁሠናይ፦ እሺ... ይኸው። ተነሣ። አሁን የፍየሉን ጀመርኩት። ይቀመጡ አሁንስ፤ ጊዜ ይወስዳል።

ደብሪቱ፦ ብዙ?

ናሁሠናይ፦ ከስድስት ሰዓት በፊት ይደርሳል። መብራት ካልጠፋ።

ደብሪቱ፦ አፍህን ያዝ! የጠራኸው እንደሆን ይሰማሃል። እና ያ የሚንቀሳቀሰው ጽሑፍ ምን እያደረገ ነው?

ናሁሠናይ፦ የፍየሉን መጽሐፍ እየገለጠ ተራ እያስያዘ ነው። ምዕራፍ በምዕራፍ። የፍየል ሠላሳ ጥንድ ነው፣ የበግ ሃያ ሰባት።

ደብሪቱ፦ ፍየሌ ይበልጣል በለኛ!

ናሁሠናይ፦ መብለጥ አይደለም። የበጉ አንዳንዱ ምዕራፍ ከሌላው ጋር ተጣብቆ ነው።

ደብሪቱ፦ ያው ነው። ሠላሳ ከሃያ ሰባት ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ማውጫ አልፈልግም። ቆይ፣ ይህ መጽሐፍ የማን ፍየል ነው? የት አገር ነው የሚኖረው?

ናሁሠናይ፦ ሩቅ አገር ያለ አንድ ፍየል ነው። የዓለም ፍየል ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚተያየው።

ደብሪቱ፦ ምን ቢሆን ነው? ከሁሉ በላይ አምሮ ነው? ተዋግቶ አሸንፎ ነው?

ናሁሠናይ፦ አይደለም። አስቀድሞ ስለተነበበ ነው።

ደብሪቱ፦ ቀድሞ ስለመጣ ብቻ?

ናሁሠናይ፦ በአብዛኛው አዎ።

ደብሪቱ፦ ልክ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበራችን። ስማኝማ ናሁዬ፣ ለምን በሩቁ ፍየል እንደክማለን? ሻምበልን በሻምበል ለካው። መቶ ከመቶ ይወጣል!

ናሁሠናይ፦ በዚያ ዓይነት የጓንጉልም ፍየል በራሱ ቢለካ መቶ ከመቶ ይወጣል።

ደብሪቱ፦ ጓንጉልንማ በሩቁ ፍየል ለካው።

ናሁሠናይ፦ እትዬ! ሚዛን ለሁሉም አንድ ነው። እርስዎን ያስቀየመዎት ሚዛኑ መዛባቱ አይደለም እንዴ?

ደብሪቱ፦ አንተ ልጅ፣ ስታስቸግር! እሺ፣ ለሁለታችንም በሩቁ። ግን ያ የሩቁ ፍየል ቁልቋል ላይ ወጥቶ ያውቃል? ሻምበል ወጥቶ ያውቃል፤ ወርዶ ግን አያውቅም፣ ሁሌም የምናወርደው እኛ ነን። እሱ መጽሐፉ ላይ አለ?

ናሁሠናይ፦ ይኖር ይሆናል፤ የት እንዳለ ግን ገና ማንም አላነበበውም።

ደብሪቱ፦ ይሄ አንጀት ያርሳል። «አላውቅም» የሚል የተማረ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው... ኧረ! ቆመ! ምነው ቆመ? መብራት ነው?

ናሁሠናይ፦ ጨረሰ እንጂ። አሁን ከሻምበል ቁራጮች ጥቂት ዘግኜ ልስጠው። ሁሉንም አልሰጠውም፣ ይረዝምብናል። ይኸው... እያስቀመጠ ነው... እያስቀመጠ ነው...

ደብሪቱ፦ ምን አለ? አትደብቀኝ። ልቤ ሊወጣ ነው።

ናሁሠናይ፦ ከመቶው ቁራጭ ዘጠና ዘጠኙ ቦታውን አገኘ። በበጉ ጊዜ እዚያ ግድም አልደረሰም ነበር። እትዬ ደብሪቱ፣ ሻምበል ፍየል ነው።

ደብሪቱ፦ እልልልልል! ሰማህ ሻምበል? ፍየል ነህ! ፍየል ነህ የኔ ጌታ! ...እየው፣ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

ናሁሠናይ፦ እሱ ቀድሞም ያውቀዋል።

ደብሪቱ፦ በል ጻፍ። አሳጥረህ ጻፍ፣ ማስታወሻውም ማኅተሙም ቦታ እንዲበቃቸው።

ናሁሠናይ፦ ጽፌያለሁ፤ ይኸው ታትሞ ወጣ። ማኅተሙ ግን ከዶክተሩ ጋር ነው፣ ከኪሳቸው አይለይም። ምርጫውን የሚመሩትም እሳቸው ስለሆኑ አሁን ሜዳው ላይ ናቸው።

ደብሪቱ፦ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል። እኔ ያለ ማኅተም ይዤ ብሄድ ማን ይሰማኛል? ማኅተም ያለው በግ ማኅተም የሌለውን ፍየል ይበላዋል። ደውልላቸው።

ናሁሠናይ፦ እየደወልኩ ነው... ሃሎ? ዶክተር፣ እንደምን አረፈዱ፣ ናሁሠናይ ነኝ። ስለ እትዬ ደብሪቱ ፍየል ነበር... አዎ፣ ስለ በጉ። በጉ ፍየል ነው፣ ዶክተር... የለም፣ አልተለወጠም፣ ድሮም ፍየል ነው... በትክክለኛው ማውጫ አየሁት፣ ከመቶው ዘጠና ዘጠኝ... አዎ፣ የቀድሞው ደብዳቤም የእኛው ነው... አዎ፣ የተፈረመው በእርስዎ ነው... ገባኝ። «ተቋሙ ራሱን አይቃረንም»... ገባኝ፣ ዶክተር፣ ግን እኮ ፍየሉ... አቤት?... እሺ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ።

ደብሪቱ፦ ምን አሉ?

ናሁሠናይ፦ የማይሆን ነገር ነው ያሉት። ማኅተም አንድ ጊዜ ከተናገረ አይመለስም፣ ሻምበል ለዘንድሮ በግ ሆኖ ይቆይ፣ የከርሞ ሰው ይበለን አሉ።

ደብሪቱ፦ ከርሞ? ከርሞማ ሻምበል ምኑን ይዞ ይቀርባል! ዘጋኸው እንዴ?

ናሁሠናይ፦ አልዘጋሁትም፤ እየጠበቁ ነው። ማስታወሻውን አንብቤ ላስረዳቸው ብዬ ነው። ወይም ተነሥተን አብረን ሜዳው ድረስ እንሂድ፤ ለኮሚቴው ራሴ እመሰክራለሁ። ከሥራ ቢያስወጡኝም ያስወጡኝ።

ደብሪቱ፦ አንተን ከሥራ አስወጥቼ ማንን ልጨቀጭቅ? ቆይ። አንድ ነገር መልስልኝ። ማሽንህ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የሚያውቀው ምንድን ነው?

ናሁሠናይ፦ ፍየል ብቻ።

ደብሪቱ፦ የበጉ ማውጫ እንዲመለስ?

ናሁሠናይ፦ ቦታ ያስፈልጋል። ወይ የፍየሉን ላነሣ ነው፣ ወይ ሌላ ዲስክ ሊገዛ ነው፣ ወይ... የቀረውን ያውቁታል።

ደብሪቱ፦ አባ መብረቅ ነገ ጠዋት መጥቶ ደሙን ቢሰጥ ማሽኑ ምን ይለዋል?

ናሁሠናይ፦ አብዛኛው ቁራጭ በፍየሉ መጽሐፍ ላይ መጠጊያ አያጣም። ደብዳቤው እንደተለመደው «ከፍየል ጋር በከፍተኛ ደረጃ የተዛመደ» ሆኖ... እትዬ ደብሪቱ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?

ደብሪቱ፦ ስልኩን ወዲህ በለው።

ናሁሠናይ፦ እንዳይጣሉብኝ።

ደብሪቱ፦ ምን ያጣላኛል? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ሃሎ፣ ዶክተር? ደብሪቱ ነኝ፣ የሕሊናን ሙክት ያቀረብኩት... ደኅና ነኝ፣ ይመስገን። አልቀየምኩም፣ ኧረ በፍጹም! ማኅተም አይሳሳትም ያሉት ገብቶኛል። ሻምበልም በበግነቱ እየለመደ ነው። እኔ ስልኩን የተቀበልኩት ስለ አባ መብረቅ ነው፣ አሳዘነኝ... እንዴ፣ አልሰሙም? ማሽንዎ ዛሬ ከበግ ተራ ተነሥቶ ፍየል ተራ ገብቷል። ከእንግዲህ ሌላ አያውቅም። ነገ አባ መብረቅ ደሙን ሲሰጥ፣ በዚያ በማይሳሳተው ማኅተምዎ «ፍየል» ተብሎ ይወጣል... የለም፣ ልጁ ምንም አላጠፋም፣ ረድፉ አንድ ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም? በግ ቀድሞ በላ፣ ዛሬ ተራው የፍየል ነው... አዎ፣ ያን የመሰለ ላት ይዞ፣ በሻምፖ ታጥቦ፣ አዲስ አበባ ላይ ከፍየሎች ጋር ይሰለፋል። ሰው ቢስቅ እንኳ አይዘኑ፤ ተቋሙ ራሱን አይቃረንም... እ?... ሁለቱንም እንዲያውቅማ ቦታ ያስፈልጋል ይላል ልጁ... እሱማ የለም አለ። ዲስኩን የሞላው ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ አልናገርም፣ አደራ ነው... እሺ... እሺ፣ እነግረዋለሁ። አያ ሙሄም በር ላይ እንዳያስቸግረኝ ይንገሩልኝ፤ በግ አስገብቼ ፍየል ነው የማስወጣው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ናሁሠናይ፦ ምን አሉ? እትዬ፣ ምን አሉ?

ደብሪቱ፦ ማኅተሙን ይዘው እየመጡ ነው። አንተም እስኪደርሱ ሠርጉን ሰርዝ ብለዋል፤ ከነመልሱ።